በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ከረሜላ

ቅናቴን ገና ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። በባሌ አልቀናሁም፤ ባል የለኝም። በሰው ቤት፣ በሰው መኪና፣ በሰው ሹመትም አልቀናሁም። የቀናሁት በእናቴ ነው። ያውም ልጄ ልትሆን በምትችል፣ የጓሮዋን ክፍል በተከራየችን አንዲት ልጅ ምክንያት።

እናቴ ስኳር በሽታ አለባት። ሐኪሙ ይህን የነገራት ቀን እሷ ዝም ስትል እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አባቴን ከቀበርን ወዲህ አምቦ ባለው ቤታችን የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። ለቅሶዬን ስጨርስ ደግሞ ተቆጣሁ፤ የእኔ ነገር እንዲህ ነው፣ ከእንባዬ ቀጥሎ ቁጣ ነው የሚመጣው። በዚያው ቀን የስኳሩን ጣሳ፣ የማሩን ማሰሮ፣ ብስኩቱን ሳይቀር ጠራርጌ ለጎረቤት ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ለመድኃኒት እንኳ የሚሆን ስኳር አልነበረም። እኔም ሻዬን ያለ ስኳር፣ ፊቴን አጨማድጄ መጠጣት ጀመርኩ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ለእሷ ስል ነው፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ "ጎሽ" አላለችኝም። የምትጠራኝ "አስተማሪዋ" እያለች ነው። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ስለማስተምር ነው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ሙገሳ አይመስልም። "አስተማሪዋ መጣች፣ ዝም በሉ!" ትላለች ለጎረቤቶቿ፣ እየሳቀች።

ልጅቷ ከደንዲ ነው የመጣችው። ከተማችን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥራ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲያናግሯት መሬት መሬት የምታይ የጴንጤ ልጅ። ክፍሉን ሳከራያት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጩኸት የለባት፣ እንግዳ አታበዛ። ጉዱ የጀመረው እናቴ አገሯን የጠየቀቻት ዕለት ነው። እናቴም የደንዲ ልጅ ናት፣ ሐይቁ አጠገብ ነው ያደገችው። እኔ አምቦ ተወልጄ አምቦ ያደግሁት ያንን ሐይቅ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፣ ሁለቱንም ለቀብር ስንሄድ። እነሱ ግን የእገሌ ማሳ የት ጋ እንደሆነ፣ በክረምት የትኛው ቁልቁለት በቅሎ እንደሚጥል በኦሮምኛ ሲያወሩ ዋሉ።

እኛ ቤት የሚነገረው አማርኛ ነው፤ አባቴ የቢሮ ሰው ስለነበር እንደዚያው ለመድን። ኦሮምኛ እናገራለሁ፣ የገበያውንም የለቅሶውንም። ግን እናቴ በኦሮምኛ ስትስቅ ድምፅዋ ሌላ ነው፣ እኔ ያንን ሳቅ አስቄያት አላውቅም። ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷን "ኢንተላ ኮ" ማለት ጀመረች። "ልጄ" ማለት ነው። አያችሁልኝ? የወለደችኝ እኔ "አስተማሪዋ"፣ በወር የምትከፍለን ተከራይ "ኢንተላ ኮ"!

ከዚያ ጭማቂው መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ በብርጭቆ አረንጓዴ ነገር ስትጠጣ አገኘኋት።

"ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?" አልኩ።

"ጁስ ነዋ" አለች ከንፈሯን እየጠረገች። "ስኳር የለውም። አስተማሪዋ ትፈቅድልኛለች?"

አጠገቧ የቆመችው ልጅ መሬት እያየች አስረዳችኝ። ቆስጣ፣ አንድ ኪያር፣ ሁለት ቅጠል ሰላጣ፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ግማሽ ሎሚ፣ ውሃ። ማንጎ አይገባበትም፣ ማር አይገባበትም፣ ካሮት እንኳ አይገባበትም። አይጠለልም፤ አሰሩ ከወጣ ጥቅሙ ወጣ። "ደግሞ ቲቸር፣ ከምግቡና ከኪኒኑ ጋር ነው እንጂ በእነሱ ምትክ አይደለም" አለችኝ። ለእኔ! ባዮሎጂ ለማስተምረው!

"ማን አስተማረሽ?"

"ሐኪም ቤት" አለች። ሐኪም ቤት ምን ወሰደሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። የእናቴ ብርጭቆ ባዶ መሆኑን እያየሁ ነበርና ሌላው ነገር አልታየኝም።

እኔ እበለጣለሁ? ደሞዜን እንደተቀበልኩ ከተማው ውስጥ ያገኘሁትን ትልቁን ብሌንደር ገዛሁ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ቅጠሉን አንድ በአንድ መርጬ፣ አጥቤ፣ ፈጭቼ፣ ሁለት ጊዜ በነጭ ጨርቅ አጥልዬ አቀረብኩላት። አሰሩ ጥቅም አለው መባሉን ሰምቻለሁ፤ ግን የእኔ ጥርት ብሎ ከእሷ እንዲያምር ፈለግሁ። እናቴ አንዴ ተጎነጨችና "ጥሩ ነው" ብላ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ስመለስ ዝንብ ገብቶበት አገኘሁት። የልጅቷን ሲሆን ብርጭቆውን ገልብጣ ቂጡን መታ መታ አድርጋ ነው የምትጨርሰው።

መብራት የሄደ ቀን ደግሞ የእኔ ብሌንደር ተገትሮ ዋለ። ልጅቷ ሙቀጫ አውጥታ ቆስጣውን ትወቅጠው ጀመር። እናቴም ቀምሳ "የሙቀጫው ይበልጣል" አለች። ወይ ጉዴ! በማግስቱ መብራት ሳይሄድ እኔም ሙቀጫ ይዤ ተቀመጥኩ። የዝንጅብሉ ውሃ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስጮህ እናቴ ከት ብላ ሳቀች፤ ልጅቷ ግን ሮጣ ውሃ አመጣችልኝ። ውሃውን ተቀብዬ ታጠብኩ፣ አላመሰገንኳትም።

በዚህ ላይ ቆስጣው ራሱ የደንዲ ሆነ። ልጅቷ አንዳንድ ሰንበት ቤተሰቦቿ ጋ ስትሄድ ከጓሯቸው ነቅላ ታመጣለች። እናቴ ሥሩን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ "ወይ አፈሩ፣ ወይ አፈሩ" ትላለች። የእኔው የገበያ ቆስጣ ምን ይሸት ነበር፣ በርበሬ? በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሐኪሙ ውጤቷን አይቶ "በጣም ጥሩ ነው፣ ምን አድርገሽ ነው?" ሲላት፣ "ተከራያችን ጁስ ትሠራልኛለች" አለች። እኔ የኪኒን ፌስታሏን ታቅፌ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ስኳር የሌለው ሻይ የምጠጣው፣ ወረፋ የምይዘው፣ ኪኒን የማስታውሰው እኔ ነኝ እኮ!

እየዋለ ሲያድር ሌላ ነገር አስተዋልኩ። እናቴ በየጠዋቱ ወደ ልጅቷ ክፍል ትገባለች። በሩ ይዘጋል። ሹክሹክታ ይሰማል። እኔ ግቢው ውስጥ ኮቴዬን ሳሰማ ሹክሹክታው ይቆማል። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። ጥግ ላይ፣ ጨለም ያለው ቦታ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ተከድና ተቀምጣለች።

ምን እዋሻለሁ፣ ያሰብኩትን እነግራችኋለሁ። "ይቺ ልጅ እናቴን ምን አቅምሳት ነው?" ብዬ አሰብኩ። ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ ከሰማሁ "በሳይንስ ዘመን!" ብዬ የማፈጥበት እኔ! ከእናቴ ብርጭቆ ሥር የቀረውን አረንጓዴ ዝቃጭ ወስጄ አሸተትኩ። በጣቴ ጠቅ አድርጌ ቀመስኩት። ሎሚና ዝንጅብል ነው። ይጣፍጣል ደግሞ፤ ከሁሉም ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው።

ከዚያ አንድ እሁድ የእናቴን ነጠላ ላጥብ ሳነሳ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘሁ። እናቴ ለምጽዋት የምትሰጠውን ሳንቲም በነጠላዋ ጫፍ ነው የምትቋጥረው። ስፈታው ግን ሳንቲም አልነበረም። አራት ከረሜላ፣ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ።

ለካ አስማቱ ይሄ ነው! በፊት ለፊት ስኳር የሌለው ጁስ፣ በጓዳ ከረሜላ! የእናቴን ፍቅር በከረሜላ ገዛችው! ሁለቱንም በረንዳው ላይ አገኘኋቸውና መዳፌን ዘርግቼ ከረሜላውን አሳየኋቸው።

"ሁለተኛ እዚህ ቤት ጣፋጭ ባይ ዕቃሽን ነው አውጥቼ የምጥለው!" አልኳት ልጅቷን።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ከዚያ እናቴን አየቻት። እናቴ ራሷን በትንሹ ነቀነቀችባት፣ እምቢ እንደማለት። ልጅቷ አፏን ዘጋች። "ይቅርታ ቲቸር" አለች።

"እኔ ያመጣሁት ጣጣ ነው" አለች እናቴ። "አንዳንዴ ያዞረኛል፣ ያኔ..."

"የሚያዞርሽ እሱው ከረሜላው ነው!" ብዬ አፏን አስያዝኳት። "ሕፃን ሆነሻል እንዴ እማዬ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የነጠላዋን ጫፍ ዳበስ ማድረግ ልማዴ ሆነ። ከቤት ስትወጣም ስትገባም። እናቴ በር ላይ ፈተና ሊገባ እንደሚፈተሽ ተማሪ እጇን ዘርጋ አድርጋ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ያንን አቋቋሟን ያኔ አየሁት እንጂ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ፍልሰታ ገባ። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት የነበረው ክረምት ነው። ሐኪሙ እንዳትጾም ነግሯታል፣ የንስሐ አባቷም "ለታመመ ሰው ተፈቅዷል" ብለዋታል። እሷ ግን "አሥራ ስድስት ቀን ምን አላት?" ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳትቀምስ መዋል ጀመረች። ኪኒኗን ግን እንደ ወትሮው ጠዋት በባዶ ሆዷ ትውጣለች። ልጅቷ በኦሮምኛ ስትለምናት ሰማሁ፤ "አዮ" የምትላት "እማማ" ለማለት ነው። "አዮ፣ ኪኒኑን ከወሰድሽ ብዪ፣ ካልበላሽ ሐኪሙን ጠይቂ" እያለች። እኔ ደግሞ ብስጭት አልኩ። ይቺ የማትጾም ልጅ ስለ እኛ ጾም ምን አገባት? ደግሞም ካልበላች ስኳሯ ይወርዳል፣ ቢወርድ ምን ክፋት አለው ብዬ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ራሴ የሠራሁትን አረንጓዴ ጁስ አቀምሳታለሁ፤ የጾም ነው፣ ቅጠል ነው። ቀኑን ሙሉ ምንም ሳትቀምስ ቆይታ የመጀመሪያው ጉርሻዋ የእኔ ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ነው፣ ዝናቡ ያለቅጥ ይወርዳል። ሰባት ሰዓት ገደማ እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱ ሲንሸራተት ሰማሁና ወጣሁ። ምስሩ መሬት ተበትኗል። በዚያ ብርድ ግንባሯ ላይ ላብ ይወርዳል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሳናግራት የምትመልሰው ቃል አይያያዝም።

"ምን ሰጠችሽ?" አልኩ። የመጀመሪያ ቃሌ ይህ ነው፣ አልደብቅም። "ዛሬም ጣፋጭ ሰጠችሽ አይደል? በጾም!"

ስኳሯ የወጣ መሰለኝ። ሮጬ ለዘጠኝ ሰዓት ያዘጋጀሁትን ጁስ አመጣሁና አፏ ላይ አስጠጋሁ። "ጠጪ እማዬ፣ ጠጪ፣ ያወርድልሻል።" አንድ ጉንጭ ዋጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ ግን እኔን አያይም።

"ኢንተላ ኮ" አለችኝ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአፍታ ያህል ደስ አለኝ። እዚያ ላብ እያጠመቃት፣ ደስ አለኝ። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦ "ከረሜላውን ደብቂው። ልጄ እንዳታየው። ትቆጣለች።"

ለምሳ መጥታ የነበረችው ልጅ ይሄኔ ከክፍሏ ወጣች። አየችንና ጮኸች፤ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። "ወርዶባት ነው! ቲቸር፣ ስኳሯ ወርዶባት ነው! ስኳር!"

"ስኳር አትስጫት! ልትገያት ነው?" ብዬ ብርጭቆዬን ይዤ መሀል ገባሁ። ያቺ ቀጭን ልጅ በሁለት እጇ ገፈተረችኝ። ጁሱ ቀሚሴ ላይ ተደፋ።

"እናንተ ቤት ስኳር የለም! እኔ ክፍል፣ ጥግ ላይ፣ ሩጪ!"

ሮጥኩ። ያስሮጠኝ "ወርዶባት ነው" የሚለው ቃል ነው። በየዓመቱ ስለ ደም ስኳር ሳስተምር ሰሌዳ ላይ ሁለት ቀስት እሥላለሁ፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ወደ ታች ከሚያመለክተው ሥር "ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር" ብዬ እጽፋለሁ። ያልጻፈ ተማሪ ነጥብ እቀንሳለሁ። እናቴ ፊቴ ሆና ሲያልባት ግን የታየኝ ተከራይዋ ብቻ ነበረች።

ጥግ ላይ መጀመሪያ እጄ የገባችው ያቺ ማሰሮ ናት። ጨርቁን ገፍፌ ከፈትኳት። እርጥብ አሸዋ አለባት፣ አሸዋው ላይ በላስቲክ የተጠቀለሉ ትንንሽ የመድኃኒት ጠርሙሶች። ኢንሱሊን ነው። ፍሪጅ የሌለው ሰው እንዳይሞቅበት እንዲህ ነው የሚያስቀምጠው። አጠገቧ መርፌዎች፤ ከመርፌዎቹ አጠገብ አንድ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ስኳርና በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ። ቆርቆሮውን አንስቼ በረርኩ።

ልጅቷ ስኳሩን በውሃ በጥብጣ ጥቂት ጥቂት እያደረገች አጠጣቻት። "ዋጪ አዮ፣ ዋጪ" ትላታለች። እኔ ተንበርክኬ የእናቴን እግር ይዣለሁ፤ ሌላ የምይዘው አልነበረኝም። ቆይቶ ላቧ ደረቀ። ዓይኗ ተመለሰ። "ምስሩን ማን በተነው?" አለች።

ዳቦ አብልተናት በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ የተናገረኝን እዚህ አልደግመውም፤ ሁሉም የሚገባኝ ነበር። እናቴ ውስጥ ሆና እኔና ልጅቷ ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ መርፌ እንደምትወጋ ነገረችኝ፣ መሬት እያየች። ከቤተሰቧ በቀር የሚያውቅ የለም። መሥሪያ ቤት ቢሰሙ፣ የሚያጫት ሰው ቢሰማ ብላ ትፈራለች። እናቴ አንድ ጠዋት ሳታንኳኳ ገብታ መርፌውን በእጇ ይዛ አገኘቻት፤ ለማንም ላትናገር ማለችላት። ጁሱንም ለሁለት ነበር የሚሠሩት፣ አንድ ለእናቴ፣ አንድ ለራሷ።

"ከረሜላው ሲወርድ ነው ቲቸር። ከራሴ ነበር የማካፍላት" አለችኝ። "ትናገሪብኛለሽ?"

"አልናገርም" አልኩ። ስሟን እዚህም አልጻፍኩም።

ቁጭ ብዬ ግን ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፣ ከጀመርኩ አይቀር። ጸጸት ነበረኝ፣ እፍረት ነበረኝ። ከሁለቱም ሥር ያው ቅናቴ ተጋድሟል። እናቴ የሚያዞራትን፣ የምትፈራውን፣ ሁሉን የምትነግራት ሌላ ሰው ነበረች። እኔ ደግሞ ሁሉ የሚደበቅብኝ ሰው ነበርኩ። በበሽታቸው ቀናሁ፤ በአንድ ማሰሮ አጠገብ ተቀምጠው በመሾካሾካቸው ቀናሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ሄጄ ያንኑ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለውን ከረሜላ ገዛሁ፣ አንድ እፍኝ። እናቴ በረንዳው ላይ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ልጅቷ በሙቀጫ የወቀጠችው ጁስ የነበረበት ባዶ ብርጭቆ አለ። ስመጣ አየችኝ። እጇ ቶሎ ብሎ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠ፣ ደበቀው። ከዚያ ትዝ ያላት መሰለኝ፣ ቀስ ብላ እጇን ለቀቀች። ጫፉን አንስታ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

"ፈትሺ" አለችኝ። "ምንም የለም።"

ከረሜላውን ጫፉ ላይ አፈሰስኩና ልቋጥረው ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። የቋጠረችው እሷ ናት።